የወላንሳ ማሽንና ያልወጣው አዋጅ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው የቢሮ በር ነው።

በጉራጌ አገር ወላንሳ የምትባል ብረት በያጅ ነበረች። እናቷ ዕድሜያቸውን እንሰት በቀርከሃ ሲፍቁ ኖረው ትከሻቸው አልታዘዝ አላቸው። በዚህ ቁጭት ወላንሳ ሁለት ዓመት ለፍታ እንሰት የሚፍቅ ማሽን ሠራች። የመንደሯ ሴቶች ማኅበር አይቶ ወደደው። «ተፈትኗል የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጪ፤ ከዚያ እንሠራበታለን» አሏት። የቀራት ያ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር።

ወረቀቱን የሚሰጠው ቢሮ፣ ማኅተም ያዡ ዘንድ ሄደች። «ማኅተም ይምቱልኝ።»

«ፈታሹ ሳይፈርም አልመታም» አሏት።

ፈታሹ ዘንድ ሄደች። «ይፈርሙልኝ፤ ፊርማ የለም ብለው ማኅተም ያዡ አልመታም አሉ፤ ሴቶቹም በቀርከሃ ይፍቃሉ።»

«ዳይሬክተሩ መመሪያ ሳይሰጡኝ አልፈርምም።»

ዳይሬክተሩን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ደጅ ጠናች። «መመሪያ ይስጡልኝ፤ መመሪያ የለም ብለው ፈታሹ አልፈርምም አሉ፤ ፊርማ የለም ብለው ማኅተም ያዡ አልመታም አሉ፤ ሴቶቹም በቀርከሃ ይፍቃሉ።»

ዳይሬክተሩ ወንበራቸውን ደገፍ አሉ። «አገራችንን በፈጠራ ግንባር ቀደም የሚያደርግ አዋጅ እየተረቀቀ ነው። እሱ ሳይወጣ መመሪያ አልሰጥም። ለእናንተው ነው የሚወጣው፤ እንኳን ደስ አለሽ።»

የወላንሳ ደም ፈላ። ቢሆንም ዋጥ አድርጋው አዲስ አበባ ወጣች፤ ረቂቁን የያዙትን የሕግ ባለሙያ ፈልጋ አገኘች። «ረቂቁን ይልቀቁት፤ አዋጅ የለም ብለው ዳይሬክተሩ መመሪያ አልሰጥም አሉ፤ መመሪያ የለም ብለው ፈታሹ አልፈርምም አሉ፤ ፊርማ የለም ብለው ማኅተም ያዡ አልመታም አሉ፤ ሴቶቹም በቀርከሃ ይፍቃሉ።»

«ረቂቁን የሚመረምረው የምክር ቤቱ ኮሚቴ ሳይጠይቀኝ አልለቅም። ሐሙስ የሕዝብ ውይይት አለ፤ እዚያ ተናገሪ።»

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቷል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ትርሐስ ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «ረቂቁን ከመጠየቃችን በፊት አንድ የአገር ልጅ የሠራው ማሽን ማየት እንፈልጋለን። የተፈተነ፣ ማኅተም ያለው።»

ወላንሳ ዕድል ሳትጠይቅ ተነሣች። እስከዚያ ቀን «አሉ» ስትል የኖረችው ሴት አንቱታው አለቀባት።

«ማኅተም የለም ብሎ ኮሚቴው ረቂቁን አልጠይቅም አለ። ኮሚቴው አልጠየቀኝም ብሎ ባለሙያው አልለቅም አለ። አዋጅ የለም ብሎ ዳይሬክተሩ መመሪያ አልሰጥም አለ። መመሪያ የለም ብሎ ፈታሹ አልፈርምም አለ። ፊርማ የለም ብሎ ማኅተም ያዡ አልመታም አለ። ሴቶቹም በቀርከሃ ይፍቃሉ። ማሽኑ ዓመት ሙሉ ቤቴ ቆሟል። እናንተ ስለ ፈጠራ የምታወሩት እኔን አስቁማችሁ ነው።»

ወይዘሮ ትርሐስ ወደ ባለሙያው ዞሩ። «አዋጁ እስኪወጣ ሥራ ይቁም የሚል አንቀጽ አለው?»

ባለሙያው ገጽ ገለጡ። ሌላም ገለጡ። «የለውም።»

«አሁን ያለው ሕግስ መፈተሽ ይከለክላል?»

«አይከለክልም።»

«ታዲያ ማነው የከለከላት?»



ያኔ ነገሩ ወደ ኋላ ተንከባለለ። ሰብሳቢዋ ባለሙያውን አፋጠጡ፤ ባለሙያው ለዳይሬክተሩ ደወሉ፤ ዳይሬክተሩ መመሪያ ሰጡ፤ ፈታሹ ማሽኑን አስነስተው፣ እንሰት አስፍቀው ፈረሙ፤ ማኅተም ያዡ መቱ። ዓመት የፈጀው በሁለት ቀን አለቀ።

«አመሰግናለሁ እንኳ አይባልም?» አሉ ማኅተም ያዡ።

«ምን ስላደረጉልኝ?» አለቻቸውና ወረቀቷን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ሴቶቹ ቀርከሃውን ጥለው በማሽኑ ፋቁ። አዋጁ እስከ ዛሬ ረቂቅ ነው።

ተረቴን መልሱ፤ ባለጉዳይ ግን አትመልሱ።