«ይምጡ» የሚለው ስልክ

የቡሬ የታችኛው ሰፈር ሰዎች አንድ አባባል አላቸው። ቀጠሮ ሰጥቶ የቀረ፣ ድግስ ጠርቶ በሩን የዘጋ ሰው ሲገጥማቸው ጣል ያደርጉታል፤ ከዚያ በኋላ የሚስቅ የለም። እንግዳ ሰው ሲሰማው የጥንት አባቶች ያወረሱት ይመስለዋል። ምን የጥንት። የተባለበትን ቀን ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የመጣውም በወጌሻው በቢያድግልኝ ምክንያት ነው።

ቢያድግልኝ እጁ የተባረከ ነበር። ይህን ጠላቱም አይክደውም። ወለምታ ቢሉት፣ የወለቀ ትከሻ ቢሉት፣ የተያዘ ወገብ ቢሉት፣ በቅቤ እያሸ፣ ወሬ እያወራ፣ ሰውየው ሳያውቀው ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ስብራት ግን አይደፍርም፤ «ይሄ የሐኪም ነው፣ ሂድና ፎቶ ተነሣ» ብሎ ይሸኛል። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ከማለዳ እስከ ማታ ሰው ከደጁ አይጠፋም፤ ችግሩ ስልኩ ነበር። ስልኩ ሲጮህ እጁ ቅቤ ነው፣ አያነሣውም። ሥራ ሲፈታ ያመለጡትን ጥሪዎች እያየ «ስንቱ ተስፋ ቆርጦ ቀረ» እያለ ያዝናል። ልቡ ክፉ አልነበረም፤ ይህን ያዙልኝ።

በዚህ መሀል ከባሕር ዳር አንድ አሠልጣኝ መጣ። ሥልጠናው «ጊዜ ለሌላቸው የጤና ባለሙያዎች ቀላል የኦንላይን ገበያ» ይባላል። ማሳጅ ቤት ያላቸው፣ እንፋሎት የሚያሞቁ፣ ሥር የሚቀምሙ ሁሉ አንድ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ቢያድግልኝም ሄዶ ከኋላ ተቀመጠ።

«በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ» አለ አሠልጣኙ። «ቀሪውን ስልኩ ይሠራልዎታል።»

ቢያድግልኝ እጁን አወጣ። «እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ሰው ቢጽፍልኝስ?»

«ስልኩ ራሱ ይመልሳል።»

«ምን ብሎ?»

«እርስዎ በል ያሉትን ነዋ።»

ቢያድግልኝ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል። በማግስቱ አሠልጣኙ ግቢው ድረስ መጥቶ ገጽ ከፈተለት። ሰው ሲያሽ ብዙ ቪዲዮ ቀረጸውና በየማለዳው አንድ አንድ እያሉ በራሳቸው እንዲወጡ አሰናዳቸው። ለሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚላከውን መልስም ራሱ አረቀቀ፦ «እንኳን በደህና መጡ። በራችን ክፍት ነው፣ ይምጡ። እኛ ሳናይዎት ሌላ እጅ አይንካዎት።»

«የመጨረሻዋ አልበዛችም?» አለ ቢያድግልኝ።

«ደንበኛ የምታስቀር እሷ ናት። ሰው ወደ ሌላ እንዳይሄድ ነው።»

ነገሩ ትንሽ ከነከነው። ግን ለተማረ ሰው ምን ይባላል፤ እሺ አለ። ይቺ እሺ የምትባል ቃል ስንቱን ጉድ አድርጋለች።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሰመረ። ከደምበጫ፣ ከእንጅባራ ሳይቀር ሰው መጣ። ወር እንዳለፈ አሠልጣኙ ደወለ፤ ባሕር ዳር የሦስት ቀን ባዛር አለ፣ መድረክ ላይ ሆነው ሲሠሩ ሕዝብ ይይዎት አለው። ቢያድግልኝ አዲስ ኮት አሰፋ። ማክሰኞ ጠዋት ቤቱን ቆለፈና ለጎረቤቱ ለእማሆይ ውድነሽ «ዓርብ እመጣለሁ» ብሎ ተሳፈረ። እሱ ሲሄድ ስልኩን ግን ዝም በል ያለው የለም። እንደለመደው መመለሱን ቀጠለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ቢያድግልኝ የሰማው ዓርብ ቀትር ላይ፣ ገና ኮቱን ሳያወልቅ፣ ከእማሆይ አፍ ነው።

በሄደ ዕለት አዝመራው የሚባል ሸማኔ ከቆላ መንደሩ ወደ ገበያ ሲወጣ ከበቅሎ ወደቀ። ክንዱ ተሰበረ። አንድ እጄ ያውቃል ባይ በሸንበቆ ጠፍሮ አሰረውና «የእኔ እስከዚህ ነው፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት» አለ። ሚስቱ አስካል ግን የቢያድግልኝን ቪዲዮ ስታይ የከረመች ናት። ጻፈችለት። መልሱ ስልኩን ከእጇ ሳታወርድ ደረሰ፤ ይምጡ፣ ሌላ እጅ አይንካዎት ይላል። ጤና ጣቢያውን በመንገዳቸው አልፈው ቡሬ ገቡ።

በሩ ተቆልፏል። እማሆይ ወጥተው «የለም ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ሄዷል» አሏቸው።

«እንዴት ይሆናል እማሆይ» አለች አስካል፤ ስልኳን ዘረጋችላቸው። «ዛሬ ጠዋት ያወጣው ነው። ይኸው ግቢው። ይኸው ሲያሽ።»

እማሆይ ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። እውነትም ቢያድግልኝ እጅጌውን ሰብስቦ በገዛ ግቢው ይሠራል። «እኔ ምን ዐውቄ ልጄ። እኔ የማውቀው ቆልፎ ሲሄድ ማየቴን ነው።»

እማሆይ ለአስካል ምቀኛ መሰሏት። ደወለች፤ አያነሣም። በሽተኛ ይዞ ነው፣ ተራችን ይደርሳል አለች። እሱ ግን ባሕር ዳር ላይ ስልኩን ለአሠልጣኙ ሰጥቶት፣ አሠልጣኙ ድምፁን ዘግቶ እየቀረጸበት፣ ምንም ያላመመውን ጎረምሳ ትከሻ መድረክ ላይ ያሽ ነበር።

ባልና ሚስቱ ከደጁ አደሩ። በሁለተኛው ቀን የአዝመራው ጣቶች አብጠው መጥቆር ጀመሩ። እማሆይ ውኃ ይዘው ወጡና ሲያዩት ክው አሉ። «ልጄ፣ ይሄ እጅ እየሞተ ነው። ማሰሪያውን ላላላልህ፣ አለዚያ ሆስፒታል ሂድ፤ እዚህ ቅርብ ነው።»

አዝመራው በላብ ተጠምቋል። «ሌላ እጅ አይንካው ብለዋል። እኔ በዚህ እጅ ነው ልጆች የማሳድገው እማሆይ፣ አልጫወትበትም።»

አስካል እንደገና ጻፈች፦ «ጣቱ ጠቁሯል፣ ስለ ማርያም ብለው ይውጡልን።» ስልኩ መለሰ፦ «እንኳን በደህና መጡ። በራችን ክፍት ነው፣ ይምጡ።» ቀና ብላ የተቆለፈውን በር አየች። ሐሙስ ጠዋት አዝመራው ራሱን ሲስት እማሆይ የሰፈሩን ሰው ጠርተው በቃሬዛ ሆስፒታል አስገቡት። ሐኪሞቹ ለነፍሱ ብለው ክንዱን ከክርኑ በታች ቆረጡት።

ቢያድግልኝ ይህን ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «አስተሳሰሩ እንዴት ነበር?»

«እንደ አህያ ጭነት ነው የጠፈረው» አሉ እማሆይ።

አዲሱን ኮት እንደለበሰ አፈር ላይ ተቀመጠ። ማላላት ብቻ ነበር። ጥበብ አይጠይቅ፣ የተባረከ እጅ አይጠይቅ፤ ማላላትና ወደ ሐኪም መላክ። ስልኩን አውጥቶ የአስካልን መልእክቶች ፈለገ። ሰባት ጊዜ ጽፋለች። ሰባት ጊዜ መልሶላታል። ሁሉንም አነበበ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም።

አዝመራው ከሆስፒታል ወጥቶ አገሩ እንደገባ ቢያድግልኝ ሽማግሌ ለመነ። እማሆይም «ያየሁት እኔ ነኝና እሄዳለሁ» ብለው በዚያ ዕድሜያቸው ቆላ ወረዱ። ቢያድግልኝ እንደ ወጉ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከአዝመራው ደጃፍ ተንበረከከ። ውስጥ የሸማው ዕቃ እንደተዘረጋ ነው፤ ግማሹ የተሠራ ጋቢ አቧራ ለብሶበታል።

«ድንጋዩን ያውርዱ» አለ አዝመራው። «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ። ግን ማንን ይቅር እንዳልኩ አላውቅም። እርስዎን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ቢያድግልኝ ድንጋዩን አላወረደም። እንባው መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል። «እኔ ስብራት አልነካም ነበር» አለ። «ብታገኙኝ ኖሮ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነበር የምሰዳችሁ።»

አስካል ከጓዳ በር ላይ ቆማለች። አልጮኸችም። «ባንጽፍልዎት ኖሮ እኮ» አለች፣ «መጀመሪያውንም ወደ ሐኪም ነበር የምንሄደው።»

አዝመራው የተቆረጠች ክንዱን በነጠላው ሸፈናት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊያስታርቁ ገቡ። «መቼም በክፋት አላደረገውም» አሉ። «መጡብኝ ብሎ አላባረራቸውም፤ ኑ ብሎ የጠራ ሰው ነው። ከነጭራሹ ካልጠራው ይሻላል እንበል።»

እማሆይ ውድነሽ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያንን ጋቢ ሲያዩ ቆይተው ነበር፤ ዓይናቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሉ፦ «የለም አባቴ፣ ጠርቶ የጠፋ ካልጠራ የከፋ።»