የጓንጉል የዋንዛ በር

ልጄ መጥረቢያውን ሲስል የሰነበተው ለምን ይሆን? ዓይኑ ደጃችን ካለው ዋንዛ አልነቀል ብሏል። ዛፉ ነጭ አበባውን ለብሷል፣ ንቡ ገብቶበታል፤ እኔን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሰው እንደ ዋዛ የሚላት አንዲት አባባል አለች። ልጄ መነሻዋን ቢያውቅ ኖሮ ይህን መጥረቢያ ባልነካው።

የሴት አያቴ ታናሽ እኅት እናኑ ልትታጭ ነው፤ የሙሽርነት ኩታዋን ራሷ ፈትላ ጨርሳለች። በነሱ አገር የጋብቻ ቃል የሚታሰረው ሁለቱ አባቶች ከልጅቱ ደጅ የተቆረጠ ማር ከአንድ ገበታ ሲቀምሱ ነው። የገበያ ማር ነውር ነው። አባቷን ጓንጉልን ያስጨነቀው ግን በሩ ነበር። እስካሁን ስሙ ሲነሣ ደሜ ይፈላል።

«አያ ደምስን የሚያህል የሙሽራ አባት በዚህ የሸምበቆ በር ላስገባ?» ብሎ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ።

ሚስቱ ይርገዱ ደጃቸው ያለው ዋንዛ ሥር ቆመችበት። «ቀፎ ተሸክሞ ሳለ? በአበባው? ጥላው የኛ፣ ፍሬው የልጆች፣ ማሩ የእናኑ ነው። በር ካማረህ የደረቀ ግንድ ፈልግ።»

«ቀፎውን ሌላ ዛፍ ላይ እሰቅልልሻለሁ።»

«ንብ እንደ አህያ የሚነዳ መሰለህ?»

ገፍትሯት ቆረጠው። ቀፎው ወድቆ ተሰነጠቀ፣ ንቡም ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። እሱ እቴ፣ እርጥቡን ሳንቃ አስጠርቦ፣ አበባ አስቀርጾ፣ ቅቤ ሲቀባው ከረመ።

ቀጠሮው ደርሶ የልጁ አባት አያ ደምስ ከአንድ ሽማግሌ ጋር መጡ። ጓንጉል በሩን እያስዳሰሰ አስገባቸው። ገበታው ቀረበ፤ ባዶውን።

«ማሩስ?» አሉ ሽማግሌው።

«ንቡ… ዘንድሮ ሸሸ።»

«ምን አሸሸው?»

ይርገዱ ከጓዳ ሆና መለሰች፦ «የገባችሁበትን በር ጠይቁት።»

እናኑ ኩታዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አያ ደምስ ባዶውን ገበታ አዩ፣ በሩን አዩ፣ ተነሡና ከቤት ወጡ። ጓንጉል የሰፈር ሰው ጉዱን እንዳያይ በሩን ሊዘጋ ሮጠ፤ እርጥብ እንጨት ነውና ተጣሞ አልገጥም አለው። ሽማግሌው ሲታገል አዩትና በዱላቸው በሩን ገፋ አድርገው ሲወጡ፣ «በር ሲያሳምር ማር አጣ» አሉ።