አያ ጓንጉል አፋቸው የተጣበቀ ዕለት

ጠጋ በሉ ልጆቼ። የዛሬው ተረቴ ላምም በረትም የለበትም፤ ማር ነው ያለበት።

በድሮ ዘመን የሻረግ የምትባል አንዲት መበለት ነበረች። ልጅ አልወለደችም፤ ያላት አንድ ቀፎ ብቻ ነው። የእንቁጣጣሽ ማለዳ ያስቀመጠችውን ማር በቀስታ ታፈላለች፣ የተቆላ ሰሊጥ ትጨምርበታለች፣ ከዚያ በኮባ ቅጠል ላይ ዘርግታ ታቀዘቅዘዋለች። እናንተ ከረሜላ የምትሉት ዓይነት ነው። ልጃገረዶቹ አደይ አበባ ይዘው ሲዘፍኑላት ለእያንዳንዳቸው ቆርሳ ትሰጣለች። ዓመቱን ሙሉ ጭር ብሎ የሚከርመው ቤቷ የልጅ ድምፅ የሚሰማው በዚያች ቀን ብቻ ነበር።

ጎረቤቷ አያ ጓንጉል ሠላሳ ቀፎ ነበራቸው። ለሰው ግን ጣት አያስልሱም።

አንድ ዓመት የሻረግ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ቅጠሉ ባዶ ነው። ድመት ይሆናል አለች። ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። በሁለተኛውም ዓመት ውሃ ቀድታ ስትመለስ ቅጠሉ ባዶ ነው። አሁንስ ድመት እንዳትል፣ ቅጠሉ ላይ ወፍራም የሰው ጣት ታትሟል። ልጆቹ ዳግመኛ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። በዚያ አገር ደግሞ ሦስቴ ባዶ የሸኘ ደጅ ከዚያ በኋላ አበባ ይዞ የሚረግጠው የለም። የሻረግ ይህን አስባ አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ዘዴ አሰበች።

በሦስተኛው ዓመት ማሩን በሁለት ድስት አፈላች። አንዱን እንደ ወጉ፣ ጠብታው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እስኪጠጥር ጠብቃ ሠራችና ደበቀችው። ሌላውን ሳይደርስ አወጣችው፤ እንዲህ ያለው ጥርስ ከያዘ አይለቅም። ይህኛውን ቅጠሉ ላይ ዘርግታ ውሃ ልትቀዳ ወረደች።

ረፋዱ ላይ አገሩ በሾላው ሥር ተሰበሰበ። ልጆቹ ከመዞራቸው በፊት ዓመቱን የሚመርቀው በዕድሜ የሁሉ ታላቅ ነው፤ ታላቁም አያ ጓንጉል ናቸው።

«ይመርቁን» አሏቸው።

«እምም» አሉ።

«አያ፣ ይመርቁን እንጂ።»

«እምም።»

ሦስተኛ ሲለመኑ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሰዉ ምች መታቸው ብሎ ተጨነቀ። ጢማቸው ላይ ያለውን ሰሊጥ ያየችው የሻረግ ብቻ ናት። ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ግን አንጀቷ አልቻለም። ለብ ያለ ውሃ አምጥታ አስጎነጨቻቸው። አፋቸው ሲላቀቅ ምርቃት አልወጣውም።

«እኔ ነኝ የበላሁት» አሉ፤ «ሦስቱንም ዓመት።»

«ሠላሳ ቀፎ እያለዎት የእኔን ለምን?»

«ማሩስ አለኝ። ሠርቶ እንካ ያለኝ ሰው ግን የለም።»

«እርስዎስ ለማን እንካ ብለው ያውቃሉ?» አለች የሻረግ።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፤ በየዓመቱ የሦስት ቀፎ ማር ለልጆቹ ይሰጣሉ፣ ድስቱንም ራሳቸው ያማስላሉ፣ ጠብታው ሳይጠጥር ከእሳቱ ዳር ንቅንቅ የለም ተባለ። የሻረግም የደበቀችውን አውጥታ ልጆቹን አስደሰተች፤ ያን ዕለት ደጇ በአበባ ሞላ።

በዓመቱ ልጆቹ ከየሻረግ ደጅ ቀጥለው አያ ጓንጉል ደጅ ዘፈኑ። አንዲት ትንሽ ልጅ አደይ ስታቀብላቸው ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከተወለዱ አበባ ሲሰጣቸው የመጀመሪያው ነበር።

አዎ ልጆቼ፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። እሳቸውስ ቀድመው ነቁ። በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ በማር ግን አይሁን፣ ይጣበቅብኛል።