ስድሳ ሰው ነክቶ ያመሰገነው መደገፊያ

በአንድ ወቅት፣ ያውም እምብዛም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ከዳገት ላይ የተሠራች አንዲት የእንጨት ፎቅ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ዓይናቸውም እየደከመ ሄዶ ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። የቀራቸው ደስታ አንድ ብቻ ነበር። ጧት ጧት ወደ ፎቁ በረንዳ ወጥተው፣ መደገፊያውን ይዘው ፀሐይ እየሞቁ፣ መንገደኛውን በድምፁ እየለዩ ሰላም ይላሉ። ከበረንዳው ሥር ያለው ግቢ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፤ ከፍታውም ከሁለት ሰው ቁመት ያልፋል።

መደገፊያው የጥድ እንጨት ነበር። ለሠላሳ ዓመት የቤቱ ጋቢ ሁሉ ታጥቦ የሚሰጣው እዚያው ላይ ነው። የራሰ ጋቢ ውሃውን በአንድ ቀን አይለቅም፤ እንጨቱ ግን ይጠጣዋል። መበስበስ ሲጀምር ምን አደረጉ? በየዓመቱ ለመስቀል አረንጓዴ ቀለም ቀቡት። በቀለሙ ላይ ጋቢ ሰጡ፤ በከርሞው እንደገና ቀለም ቀቡ። ሞኞች ናቸው እንዳልል ከተማው በሙሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በመጨረሻ እንጨቱ አልቆ የቀለሙ ቅርፊት ብቻ ቆሞ ቀረ። አንድ ጧት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጎረቤታቸውን ለማነጋገር ጎንበስ ሲሉ ከዳቸው። ግማሽ አካላቸው ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ በአንድ እጃቸው የጣራውን ቋሚ ይዘው ለጥቂት ተረፉ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ልጆቻቸውን ጠሩ። የእድሩን ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራውንም ለምስክርነት አስቀመጡ።

«ያለዚህ በረንዳ መኖር እንደ መሞት ነው» አሉ። «ያለ ፍርሃት የሚያስደግፈኝ ልጅ ቤቱን ይውሰድ። ቃሌ ነው።»

እንግዲህ ሦስቱን ልጆች እወቋቸው። የበኩሩ ፈለቀ በር እየበየደ የሚሸጥ፣ ያንበሳ ራስ የሌለበት በር በር የማይመስለው ሰው ነው። ሁለት ቤት አለው፤ ሦስተኛ ቢጨመርለት አይጠላም። መካከለኛዋ የሺመቤት ከባሏ ከተለያየች ጀምሮ ከእናቷ ጋር የምትኖር ናት፤ ቤቱ ለሌላ ከሄደ መግቢያ የላትም። የመጨረሻው አሰግድ አናጢ ነው። ሁልጊዜ ልክ ነው፤ ልክ ስለሆነም ማንም አብሮት ሻይ መጠጣት አይፈልግም።

ፈለቀ ቀደመ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ የወይን ሐረግ የተጠማዘዘበት፣ በየመሀሉ አንበሳ ያፈጠጠበት የብረት መደገፊያ አምጥቶ ተከለ። ሲያዩት ቤተ መንግሥት ነው። አሠራሩን ግን ስሙ። በየመገጣጠሚያው ሁለት ሁለት ነጥብ ብቻ በይዶ በስቱኮ ለሰነው። እግሩን ከበረንዳው ተሸካሚ ግንድ ጋር አላሰረውም፤ የጣት ርዝመት ባላት ጥምዝ ሚስማር፣ በቪቴ፣ የወለሉ ጣውላ ላይ አስነክሶት ሄደ። ያ ጣውላ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የጋቢ ውሃ የተንጠባጠበበት ነው። ብረት ሠሪ ነኝ የሚል ሰው ይህን አይስትም። ፈለቀም አልሳተውም፤ የሚታየው ያንበሳው ራስ ነው፣ ቪቴውን ማን ያየዋል ብሎ ነው።

የሺመቤት በማግስቱ ስትጠርግ ዳሌዋ መደገፊያውን ነካው፤ ተወዛወዘ። እጇን ዘርግታ ደገመችው፤ አሁንም ተወዛወዘ። ታላቅ ወንድሟን እንዴት ታሳፍረው? ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝምታ ላይነቅዝ ይችላል፤ ጣውላ ግን ይነቅዛል። የበረንዳውን በር ቆለፈችና ቁልፉን ጡቷ ሥር ከተተችው። እናቷ ሲጠይቁ ቀለሙ አልደረቀም አለቻቸው። ስምንት ሳምንት ሙሉ አልደረቀም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በጨለማው ክፍል ተቀምጠው ጉልበታቸው ላላ፣ ፊታቸው ገረጣ። እሷ ግን በየቀኑ እግራቸውን በሞቀ ውሃ እያጠበች በየቀኑ ዋሸቻቸው።

አሰግድ በበኩሉ ወደ ቤቱ እንኳ መግባት አላስፈለገውም። በመጀመሪያው ሳምንት መንገድ ላይ ቆሞ ሽቅብ ሲያይ ነፋስ መደገፊያውን ሲያንቀሳቅሰው አየ። ለወንድሙ አልነገረም፤ ለእናቱም አልነገረም። እውነቱን እንደ በግ አስሮ ለበዓል ቀን አስቀመጠው።

ቀኑም መጣ። ፈለቀ ለመደገፊያው ምርቃት አደረገ። አዎ፣ ለመደገፊያ። ሁለት በግ ታረደ፣ ከእድሩ ሰሃንና አግዳሚ ወንበር መጣ፣ ስድሳ ሰው ተጠራ። በሩም ለእንግዳ ተብሎ ተከፈተ። የመጣው ሰው ሁሉ እንደ ወጉ ወደ በረንዳው ብቅ እያለ መደገፊያውን ነካ። ለነካው ሁሉ ተነቃነቀ። ሁሉም እጁን ቀስ አድርጎ ሰበሰበና «እጅህ ይባረክ» ብሎ ወደ ጥብሱ ተመለሰ። የሰው ድግስ እየበሉ የሰው ሥራ ማጣጣል ነውር ነው፤ ዓይነ ስውር ሴት ከፎቅ ስትወድቅ ማየት ግን ነውር አይደለም መሰለኝ። ከስድሳው አንዱ እኔ ነበርኩ። እኔም ነክቼዋለሁ፤ እኔም እጁ ይባረክ ብያለሁ። ስለዚህ ሌላውን ስነቅፍ ራሴን የማልፍ እንዳይመስላችሁ።

ጋሽ ወንድይፍራው መርቀው ሲያበቁ ወይዘሮ ማንጠግቦሽን በክንዳቸው ደግፈው አስነሡ። አዲሱን ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ከስምንት ሳምንት በኋላ ፀሐይ ሊያገኙ ነው። የሺመቤት የእናቷን ቀሚስ ጫፍ ከኋላ ጨምድዳ ያዘች፤ አፏ ግን አልተከፈተም። ሁለት እርምጃ ሲቀር አሰግድ ሁለተኛ ሰሃኑን ጨርሶ እጁን ጠረገና ከፊታቸው ገባ።

«ቆዪ እማዬ» አለ። «መጀመሪያ እኔ ልደገፈው።»

በእግሩ አንዴ ገፋው። ወርቁም አንበሳውም ሐረጉም ባንድነት ተነቅለው ወረዱና ግቢው ውስጥ የተከመሩትን የእድሩን ሰሃኖች አደቀቁ። ሰሃኑን ታጥብ የነበረች ሴት ውሃ ልትቀዳ ገና ዞር ማለቷ ነበር። አሰግድ ከመግፋቱ በፊት ወደ ታች አላየም። ይህንንም ከፈለቀ ቪቴ ጋር ቁጠሩልኝ።

ከዚያ ምን ሆነ? ፈለቀ ተዋረድኩ ብሎ አኩርፎ ሄደ። አሰግድ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያለ ከሰፈር ሰፈር ሲዞር ሰነበተ። አናጢ ነው፤ መዶሻውና ጣውላው ቤቱ ነው፤ ግን ባዶ ባስቀረው በረንዳ ላይ አንዲት ጣውላ አግድም መምታት አልታየውም። የሺመቤት ብቻ በሩን መልሳ ቆለፈች።

በአምስተኛው ቀን ገና ጧት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከእንቅልፋቸው ተነሡ። መደገፊያው እንደሌለ ያውቃሉ። ሠላሳ ዓመት የለመደ እግር ግን እንቅልፍ ሳይለቀው ያውቅ የነበረውን መንገድ ይሄዳል። ቀጥ ብለው ወደ በረንዳው በር ሄደው ገፉት። ተቆልፏል። በትከሻቸው ደገሙት፤ እንቢ አለ። ልጃቸውን ሊራገሙ አፋቸውን ሲከፍቱ ከበሩ ወዲያ ምን እንደሌለ ትዝ አላቸውና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የሺመቤት ስትደርስ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። ያን ጧት ስላለቀሱት ለቅሶ የማሾፍበት ቃል የለኝም።

ወሬው ከፈለቀ ጆሮ ደረሰ። እናቱን ወዶ ነው የመጣው ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ ሁሉ በሩን ሳይወዘውዝ አልገዛ ስላለው ነው እላለሁ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ብቻ መጣ። የበሰበሰውን ጣውላ ነቅሎ ጣለ። እያንዳንዱን እግር ከተሸካሚው ግንድ ጋር ወዲያና ወዲህ በሚያልፍ ቡሎን አስሮ በዳዶ አጠበቀ። መገጣጠሚያውን ዙሪያውን ሞልቶ በየደ፤ ፀረ ዝገት ቀባ፤ ቁመቱን ከወገብ በላይ አደረገ፤ ያንድ ሕፃን ራስ የሚያልፍበት ክፍተት አልተወም። አንድም አንበሳ አላስገባም። አራት ቀን ማንንም ሳያነጋግር ብቻውን ሠራ፤ እጁ ተቃጥሎም አላቋረጠም። ሲጨርስ የእድሩ ጎረምሶች ገመድ አስረው ዐሥር ሆነው ሳቡት፤ ዝንፍ አላለም። ይህን ሥራ መናቅ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም።

እንግዲህ ቃሉ ይፈጸም ተባለና ሁሉም እዚያው ፎቅ ላይ ጋሽ ወንድይፍራው ፊት ተሰበሰቡ።

ፈለቀ «እማዬን ያለ ፍርሃት የሚያስደግፈው የቆመው በእኔ እጅ ነው» አለ። እንዲህ መሥራት እየቻልክ ለምን ያንን ሠራህ ተብሎ ሲጠየቅ የተቃጠለ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

የሺመቤት ተራ ሲደርሳት ቁልፉን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። «ይህ ባይኖር ዛሬ የምትካፈሉት ቤት ሳይሆን ለቅሶ ነበር» አለች። እናትሽን ስምንት ሳምንት አስረሽ በውሸት አኖርሽ፣ በምርቃቱ ቀን ደግሞ በገዛ እጅሽ በሩን ከፈትሽ ሲሏት አንገቷን ደፋች።

አሰግድ ግን አንገቱን አልደፋም። «ስድሳ ሰው ነክቶ ዋሸ። እኔ ብቻ ገፋሁት» አለ። እውነት ነው። ፈለቀ መልሶ፣ አንተ ገፍተህ ባዶ ገደል ትተህ ሄድክ፤ እኔ የወደቀውን አነሣሁ አለው። ይህም እውነት ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው ላም እሳት ወለደች ብለው ጢማቸውን አሹ። ፍርዱም ለሚመጣው ወር ስብሰባ ይደር አሉ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። እሳቸውም መደገፊያውን ነክተው ከመረቁት አንዱ ነበሩና ማንን ደፍረው ይፍረዱ?

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወደ በረንዳው ውሰዱኝ አሉ። ሦስቱም ልጆች እጃቸውን ለመያዝ ተሽቀዳደሙ፤ እሳቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ብቻቸውን ወጡ። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ቆም አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «እንደሚወድቅ ቀድሞ ያወቀ ማነው?»

ፈለቀ ቪቴውን ሲያስር አውቋል። የሺመቤት ስትጠርግ አውቃለች። አሰግድ ከመንገድ ቆሞ አውቋል።

«ለእኔ የነገረኝስ?»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዱካቸውን አስመጡና ከመደገፊያው አንድ እርምጃ ራቅ አድርገው አስቀመጡት። እዚያ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጧት ጧት ይወጣሉ፤ መንገደኛውንም በድምፁ እየለዩ ሰላም ይላሉ። ዐሥር ሰው ስቦ ያልነቀነቀውን ብረት ግን እስከ ዛሬ አልነኩትም።

ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። ለሦስቱም ይካፈል የሚል ካለ ተቀባይነት የለውም፤ ቃሉ ለአንድ ልጅ ነው የተሰጠው። ለማንም አይገባም ብሎ ማምለጥም አይቻልም፤ ሴትዮዋ አርጅተዋል፣ ቤቱም ወራሽ ያስፈልገዋል። አንዱ የሚጸናውን አቆመ፣ አንዷ በሩን ቆለፈች፣ አንዱ ውሸቱን ጣለ፤ ሦስቱም እያወቁ ለእናታቸው ሳይነግሩ ቀሩ። በሉ፣ እኔንና እናንተን ጨምሮ እየነካ ከሚያልፈው ሕዝብ መሀል አንድ ደፋር ይነሣና ይንገረን፤ ቤቱ የሚገባው ለማን ነው?