ቁራሽ በማመልከቻ የጠየቀው ሰውዬ

አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባለጉዳይ ሲያመላልስ የኖረ ሰውዬ ነው። አንድ ቀን ብድግ አለና ሥራውን ለቀቀ። «ከእንግዲህ መጽሐፍ ተምሬ ቤተክርስቲያን አገለግላለሁ» አለ። የቢሮ ሰዎች ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲያውቁ የባሰ ሳቁ። «ወር አይቆይም፣ ወንበሩን እንዳታነሱበት!» ተባባሉ።

ይሄ ነገር ሆዱ ገባ። ማንም የማያውቀው ሩቅ ደብር ሄዶ፣ በዚያ በሸበተ ፀጉሩ ከልጆች መሀል ቁጭ አለ። ትምህርቱ አላስቸገረውም። ያስቸገረው ምሳው ነው። እዚያ ተማሪ የሚበላው በየቤቱ ዞሮ ለምኖ ነው፤ እሱ ግን ከቤቱ ይዞት በመጣው በሶ ሳምንቱን ገፋ። በሶው ሲያልቅ መምህሩ የኔታ ጠሩት።

«እስካሁን ስትለምን ያየህ የለም።»

«የኔታ፣ ገዝቼ ብበላስ?»

«መለመን ያፈረ ሰው ነገ ለሌላው ምን ብሎ ሊጸልይ ነው? ጸሎትም እኮ ልመና ነው! ዛሬ ለምነህ ካላመጣህ ነገ ወደ ቢሮህ!»

የቁራሽ መያዣውን አኩፋዳ አንጠልጥሎ ወጣ። አንድ ግቢ በር ላይ ደረሰ። ሌላ ተማሪ ቢሆን «በእንተ ስማ ለማርያም!» ብሎ ይጮሃል፤ ስለ ማርያም ስጡኝ ማለት ነው። እሱ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። እንደገና ከፈተ፤ የለም። ግራ ቀኙን አየና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወረቀት አወጣ።

«ጉዳዩ፦ ቁራሽ እንጀራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ ከትናንት ምሳ ሰዓት ጀምሮ ምግብ ያልበላሁ ስለሆነ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ፈረመ። ከሥሩም «ግልባጭ፦ ለየኔታ» ብሎ ጨመረበት።

አንኳኳ። የቤቱ እመቤት ወጥታ ወረቀቱን ተቀበለችና ገለባበጠችው።

«ክስ ነው?»

«ኧረ አይደለም እመቤቴ፣ ማመልከቻ ነው።»

«የወረቀት ነገር የሚያውቀው ባለቤቴ ነው። እሱ ደግሞ የለም። ነገ ተመለስ» ብላ በሩን ዘጋችው።

ሰውዬው ክው አለ። ነገ ተመለስ! ሃያ ሁለት ዓመት ሲላት ኖሮ፣ እንዲህ የምታም ቃል መሆኗን ያወቀው ገና ዛሬ ነው። ለእሱ ደግሞ ነገ የሚባል ነገር የለም። ነገ ማለት ቢሮ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ወንበሩን ይዞ እየሳቀ የሚጠብቅበት ቢሮ።

ዓይኑን ጨፈነ። «በእንተ ስማ ለማርያምምም!» ብሎ አንባረቀው። የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ወጣ። ዶሮዎቹ ጣራ ላይ ወጡ። ጎረቤቶች በአጥር ብቅ ብቅ አሉ።

«ውይ፣ ተማሪ ነህ እንዴ?» አለች ሴትዮዋ በሩን ከፍታ። «እኔ ደግሞ ከቀበሌ የመጣህ መስሎኝ! ምነው መጀመሪያውኑ እንዲህ አትለኝም?» ሽበቱን አየችና በሳቅ ወደቀች። እየሳቀች ገባች፣ እየሳቀች ሁለት እንጀራ ከነሽሮው አምጥታ አኩፋዳው ውስጥ ከተተችለት። ጎረቤቶቹም እየሳቁ ሰጡት። ሰውዬው ሳቁ እስኪገድለው ትንሽ ቆሞ ጠበቀ። አልገደለውም። አኩፋዳውን ሞልቶ ተመለሰና ከየኔታ ጋር በላ። መጽሐፉንም ጨረሰ።

ፍሬሰላም፣ ትናንት ከትምህርት ቤት ስንመለስ «ክፍል ውስጥ ያልገባኝን ብጠይቅና ቢስቁብኝስ?» ብለሽኝ ነበር። ይስቃሉ፣ አልዋሽሽም። ግን እስቲ ራስሽን እዪው፦ ጥያቄሽን ደብተርሽ ጀርባ ላይ አሳምረሽ ትጽፊዋለሽ፣ ደወል ሲደወል ከድነሽው ትወጫለሽ። ያ ሰውዬ በር ላይ የጻፈው ወረቀት ማለት ይሄ ጥያቄሽ ነው። እሱ ተስቆበት ጠገበ፤ አንቺ ማንም ሳይስቅብሽ ተርበሽ ነው ቤትሽ የምትገቢው። ነገ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ እጅሽን አውጪ። እኔም ሳወጣ እስከ ዛሬ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ግን ጉልበት ከዴስክ ሥር ነው፣ ማንም አያየውም።