የብርድ ልብሱ ሰውዬ

ለአንድ የአረጋውያን መጠለያ የሚለምን ሰው ነበረ። ተቀመጥ ምንተስኖት፤ ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። «የተቀጠርኩት እርዳታ ላሰባስብ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ሽማግሌ እጠብ፣ አጉርስ የምትሉኝ ለምንድን ነው?» ነው ያልከው። እኔን አለቃህን አናድደኸኛል፤ ቢሆንም እመልስልሃለሁ።

ሰውዬው አፈ ጮማ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ድምፅ ማጉያውን በትከሻው አንግቶ ይውላል። ልመናው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ብርድ ልብስ አጥቶ ስለሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ይናገራል። መንገደኛው እንባውን እየጠረገ ብርድ ልብስ ይሰጠዋል። እሱም በጋሪ አስጭኖ ወደ መጠለያው ይልካል፤ ራሱ ግን ዝር አይልም። ሩቅ ሆኖበት እንዳይመስልህ፤ መጠለያው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው!

ብርድ ልብሱ መጋዘኑን ሞልቶ ተረፈ፤ ሽማግሎቹ ፀሐይ የሚሞቁበትን በረንዳ ሳይቀር ያዘባቸው። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ምን መሰለህ? ብርድ ልብስ ሰጪ ሞልቶ፣ የሚያጎርስ ሰው አልነበረም። እዚያ ቤት ሁለቱም እጆቻቸው አልታዘዝ ያሏቸው አንድ ሽማግሌ ተኝተዋል። ሾርባቸው አጠገባቸው ይቀመጣል። አስታማሚዋ ብቻዋን ናት፤ ሌላውን አጉርሳ እስክትደርስላቸው ይቀዘቅዛል፤ አንዳንድ ቀንም እንደተቀመጠ ይነሳል። ሰውዬው እዚያው አጠገባቸው ሲለምንላቸው እየዋለ፣ እሳቸው ከስተው መነመኑ።

አንድ ቀን አስታማሚዋ ታመመች። የቤቱ ኃላፊ ሴትዮ ጨንቋት ሰውዬውን አስጠራችው። መጣና፣ የኔ ሥራ መለመን ነው፣ ሳህን መያዝ አይደለም፣ ሰዓቴን አታባክኑብኝ አለ። ቁርጥ አንተን! ሴትዮዋ ድምፅ ማጉያውን ከትከሻው አወለቀች፣ ሳህኑን አስያዘችውና ሽማግሌው አልጋ ዘንድ አስቀመጠችው።

ቶሎ ገላግሎ መሄድ ነው የፈለገው። እንደተንጋለሉ፣ ቀና እንኳ ሳያደርጋቸው፣ የመጀመሪያውን ሳይውጡ ሌላ ማንኪያ ጨመረባቸው። ትን አላቸው። ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ፊታቸው ጠቆረ። ሰውዬው ሳህኑን ጥሎ የሰው ያለህ እያለ ጮኸ። ኃላፊዋ ሮጣ ደርሳ ደግፋ ባታነሳቸው፣ ጀርባቸውንም መታ መታ ባታደርግላቸው፣ እዚያው ቀርተው ነበር።

ትንፋሻቸው መለስ ሲል ሽማግሌው ቀስ ብለው አዩት።

«ድምፅህን አወቅሁት» አሉት። «እዚህ ተኝቼ ስሰማህ እውላለሁ። ያ የሚንቀጠቀጠው ሽማግሌ ማነው? እኔ በርዶኝ አያውቅም። ርቦኛል፣ ልጄ።»

ሰውዬው የጣለውን ሳህን አንስቶ ወጣ።  ሌላ ሾርባ አስቀድቶ ተመለሰ። በክንዱ ደገፋቸው፤ አንዱን እስኪውጡ እየጠበቀ ሌላውን አጎረሳቸው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን አሁንም ሲፈልጉ አየና አለቀሰ።

በማግስቱ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ድምፅ ማጉያውን ከፈተ።  «ብርድ ልብስ በቅቶናል» አለ። «እዚህ ጀርባ እጃቸው የማይሠራላቸው አባት አሉ፤ እንደሳቸው ያሉም አሉ። ምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ላጎርሳቸው መሄዴ ነው። የሚያግዘኝ ይምጣ።» ጃንጥላውን አጥፎ መንገዱን ያዘ። ብዙው ሰው አበደ እንዴ ብሎ ቆሞ አየው። አንድ ወያላና አንዲት ሎሚ ሻጭ ግን ተከተሉት። በዚያ ቀን የማንም ሾርባ አልቀዘቀዘም።

ያ ሰውዬ አንተ ነህ፣ ምንተስኖት። ቢሮህ ከሽማግሎቹ ክፍል ፊት ለፊት ነው፤ አንድ ቀን ደጃፋቸውን ረግጠህ ታውቃለህ? ባለፈው ለእንግዶቹ «ጧሪ ያጡ እናቶቻችን» እያልክ ስትናገር አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበልህ፤ እኔ ግን አፍሬ አቀረቀርኩ። እስቲ የአንዷን ስም ንገረኝ? አየህ፣ አታውቅም! እጠብ፣ አጉርስ ያልንህ ልናዋርድህ አይደለም። ምን እንዳጡ ሳታውቅ ስትለምንላቸው፣ ሰው ሰጥቻለሁ ብሎ እፎይ ይላል፤ እነሱ ግን እንደተራቡ ናቸው።

በል ተነስ፤ ምሳ ሰዓት ነው። እጅህን ታጠብ። ማንኪያውን ከማንሳትህ በፊት ግን ቀና አድርጋቸው።