የቃኚዋ ንብ ውዝዋዜ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ላለው፣ ልብ ላደረገው።

በአንድ የዋንዛ ግንድ ውስጥ ውሸት የማታውቅ ቃኚ ንብ ነበረች። ንብ ከንብ ጋር የሚነጋገረው በውዝዋዜ ነውና፣ አበባ ስታገኝ ተመልሳ ትወዛወዛለች፤ እህቶቿም አቅጣጫውን ከውዝዋዜዋ ለይተው ተያይዘው ይሄዳሉ። አንድም ቀን አሳስታቸው አታውቅም።

ከጊዜ በኋላ ሰዎች መጥተው ቁጥቋጦውን መነጠሩት፤ ሜዳውንም በላስቲክ ቤት ሸፈኑት። የግንዱ ንቦች ተራቡ። ቃኚዋ ስትዞር ውላ በላስቲኩ ቀዳዳ አጮልቃ ብታይ፣ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር ጽጌረዳ ነው። ልትገባ ስትል፣ እዚያው ክንፏን ጥላ የተቀመጠች ወፍ፣

«እሜቴ ንብ፣ እንዳትገቢ! መርዝ ይረጩበታል። እኔ ከዚያ የለቀምኩትን ትል አጉርሼ ጫጩቶቼን በሙሉ ጨረስኳቸው» አለቻት።

ንቢቱ ክው አለች። «እህቶቼ ሳያዩት ልድረስ!» ብላ በረረች።

ግንዱ ውስጥ ገብታ ያለ የሌለ ኃይሏን አውጥታ ተወዛወዘች። «እዚያ አትሂዱ» ማለቷ ነበር። የንብ ውዝዋዜ ግን «እዚያ አበባ አለ» ማለት እንጂ «አትሂዱ» ማለት ከጥንትም አያውቅበትም። እህቶቿ ቦታውን ለዩ። «እንዲህ የሆነችው ምን ያህል አበባ ብታገኝ ነው!» ብለው ግልብጥ ብለው ወጡ።

እሷ ደክሟት እዚያው ወድቃ ቀረች። ፀሐይ እስክትጠልቅ ደጁን ብታይ፣ የተመለሰች አንዲት የለችም።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በማር አብሱ እንዳልላችሁ፣ ማሩ ከየት ይመጣል?